ጥቅምትን በሸራ ቤት፦ ከአውሮራ እስከ አሸዋው ተራራ

የመንገዱን ማስታወሻ የያዝኩበት ደብተር ግማሹን እርጥበት በልቶታል። እንዴት እንደ በላው ከታች እነግራችኋለሁ። አራት ቀን፣ ሦስት ሌሊት፣ አምስት ሰው። ከኮሎራዶዋ አውሮራ ተነሥተን፣ በተራሮቹ መካከል ወደ ደቡብ ወርደን፣ ግሬት ሳንድ ዱንስ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ታላቁን የአሸዋ ክምር አይተን በሌላ መንገድ ተመለስን። ያደርነው ሸራ ቤት ውስጥ ስለሆነ የጉዞው ወሬ ከግማሽ በላይ የብርድ ወሬ ነው።

ከመነሣታችን በፊት

ባለፈው ሰኔ በ2,800 ዶላር ያገለገለ ፖፕ አፕ ካምፐር ገዛን። ለማያውቀው ሰው፦ ከመኪና ኋላ የሚጎተት ዝቅ ያለ ሣጥን ነው። ቦታው ሲደርሱ ጣሪያው በእጅ መዘውር ወደ ላይ ይነሣል፤ ሁለት አልጋዎች ከፊትና ከኋላ እንደ መሳቢያ ተስበው ይወጣሉ፤ ግድግዳው ሸራ ነው። በሐምሌ ደስ ብሎን አድረንበታል። ሸራ ግን ዝናብና ንፋስ ይመልሳል እንጂ ሙቀት አይዝም። የሐምሌ ቤት የጥቅምት ቤት አይሆንም።

ታዲያ ለምን በጥቅምት ሄዳችሁ ለሚል፦ በሐምሌና በነሐሴ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ላይ ነኝ። አሸዋውም በዚያ ወቅት ቀትር ላይ ገጹ እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊግል ስለሚችል ለእግር አይመችም። ዋናው ምክንያት ግን እናቴ ናት። እማዬ መስከረም ላይ ከደብረ ብርሃን መጣች፤ ወር ሳይሞላት ቤት መዋል ሰለቻት። «ተራራ አለ ትላላችሁ፤ እኔ ግን በመስኮት ብቻ ነው የማየው» አለችን። ፓርኩ ውስጥ ያለው ካምፕ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጨረሻ ስለሆነ ቀን መቁጠር ነበረብኝ።

ዝግጅቱ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። በሁለት ወገኑ ፎይል የለበሰ፣ መሃሉ የአየር አረፋ የሆነ ጥቅል በ48 ዶላር ገዛሁና የእያንዳንዱን መስኮትና የሸራ ግድግዳ ልክ በጋዜጣ ወስጄ ቆረጥኩ። ወለሉ ላይ ለልጆች መጫወቻ የሚነጠፈውን፣ እርስ በርሱ የሚያያዘውን የስፖንጅ ንጣፍ ዘረጋሁ፤ ከላዩ አሮጌ ምንጣፍ። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ። የካምፐሩ የራሱ ማሞቂያ ከገዛነው ጀምሮ ስለማይሠራ ተንቀሳቃሽ የፕሮፔን ማሞቂያና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ገዛሁ። ግቢያችን ውስጥ ካምፐሩን ዘርግቼ ሞከርኩት፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጃኬታችንን አወለቅን።

እማዬ ማሞቂያውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። የከሰል ማንደጃ አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ያልተነሡ ሰዎች አገሯ ታውቃለች። «ተኝተን እንዳይነድ። ማልልኝ» አለች። ማልኩላት። ከዚያ ሻንጣዋን ከፍታ ከአገር ያመጣችውን ባና አወጣች። የመንዝ በግ ፀጉር ነው፤ ክብደቱ የበግ ግልገል ያህላል። ባለቤቴ ቀስ ብላ «እማማ፣ ብርድ ልብስ ሞልቶናል እኮ» ብትላትም ማን ሰምቶ።

አርብ፣ ጥቅምት 15። ከአውሮራ ወደ ቡዌና ቪስታ

ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስፈቅደን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወጣን። 285 ቁጥር መንገድ ከዴንቨር ደቡብ ምዕራብ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ካምፐሩ ወደ ኋላ ስለሚጎትተኝ ዳገቱን በቀኝ በኩል ከከባድ መኪናዎች ጋር ተሰልፌ ወጣሁት። የኬኖሻ ማለፊያ 3,048 ሜትር ነው። የአስፐን ዛፎቹ ቢጫ ቅጠል ረግፎ ነጭ ግንዳቸው ብቻ ቀርቷል። ከአናቱ ላይ ሳውዝ ፓርክ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ድንገት ሲገለጥ እማዬ መስኮቱን አወረደች። ዛፍ የሌለበት፣ ሣሩ የደረቀ፣ ከብት የተበተነበት፣ ዙሪያው ተራራ የሆነ ደጋ። «ይኼማ የኛው አገር ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ከፍታውም ከደብረ ብርሃን ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ አንድም የሚሄድ ሰው አለመኖሩ ነው፤ እሱ አሳዘናት።

ፌርፕሌይ ላይ ምሳ ቆምን። እማዬ ጽጌን ትጾማለች፤ በምግብ ቤቱ ዝርዝር ውስጥ ለጾመኛ የሚሆን የተጠበሰ ድንች ብቻ ስለነበር ከመኪናው ኋላ ቆመን ከቤት የያዝነውን የሽሮ ፍትፍት በላን። ልጄ አያቱ ያስተማረችውን «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለ ሲያስቸግር ባለቤቴ ከሱቁ የደረቀ ሥጋ በ9 ዶላር ገዛችለት። ከእጅ መዳፍ የማታልፍ ቋንጣ ናት፤ የኛ ሰፈር ቋንጣ ዋጋው ቀላል ነው ማለት ነው።

ቡዌና ቪስታ አጠገብ ባለ የግል ካምፕ፣ መብራት የሌለበትን ቦታ በ42 ዶላር ያዝን። መብራት ያለበት ከዚያ 20 ዶላር ይበልጣል፤ እኔ ደግሞ ማሞቂያ ይዣለሁ። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ብርዱ ጠብቆ እንደ ነበረ ሰው መጣ። ማሞቂያውን ለኮስኩት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ። እንደገና ለኮስኩት፣ ጠፋ። የጋዙን ሲሊንደር ቀየርኩ፣ ጠፋ። በእጅ ባትሪ መመሪያውን ሳነብ ምክንያቱን አገኘሁት፦ ማሞቂያው ኦክስጅን ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋበት መቆጣጠሪያ አለው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ካለፈ ግን አየሩ ስለሚሳሳ መቆጣጠሪያው ክፍሉ የታፈነ እየመሰለው ሊያጠፋው ይችላል። አውሮራ ላይ፣ በ1,650 ሜትር፣ እንዲያ የነደደው ያለንበት 2,400 ሜትር ላይ እንቢ ያለው ለዚህ ነው። መቆጣጠሪያውን ነቅሎ ማንደድ እንደሚቻል የሚናገሩ ሰዎች አሉ። አምስት ነፍስ በሚተኛበት ሸራ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም፤ እማዬ ባታስምለኝም አላደርገውም ነበር።

ያ ሌሊት ረጅም ነበር። በቴርሞሜትሬ ውጭው ከዜሮ በታች 7፣ ውስጡ ከዜሮ በታች 3። የሚገርመው ብርዱ ከላይ አልነበረም። ከላዬ ሁለት ብርድ ልብስና የመኝታ ከረጢት ነበረኝ፤ ጀርባዬ ግን በረዶ ላይ የተጋደመ ያህል ቀዘቀዘ። ተስበው የሚወጡት አልጋዎች ከሥራቸው ምንም የላቸውም፤ አንዲት ስስ ጣውላ፣ ከእሷ በታች ንፋስ። ፍራሹ ደግሞ ሰው ሲተኛበት ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል። መሃል ላይ፣ ጠረጴዛው በሚታጠፍበት አልጋ፣ ባናዋን ከሥሯ አንጥፋ የተኛችው እማዬ ብቻ ነበረች እስኪነጋ ያልተገላበጠችው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ መኪና ውስጥ ገባች።

ሲነጋ ሌላ ጉድ። አየር እንዳይገባ ብዬ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኜ ነበር፤ የአምስታችን ትንፋሽ ከፎይሉ ጀርባ ሸራው ላይ ውርጭ ሠርቷል። ፀሐይ ሲነካው ቀልጦ በፍራሹ ጠርዝ ወረደ፤ ደብተሬም ያኔ ነው የራሰው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16። ሳሊዳ፣ ሸለቆው፣ ካምፑ

ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እንመለስ ብትል አልፈርድባትም ነበር። አላለችም። «መጀመሪያ ቡና፣ ከዚያ ሱቅ» አለች።

ሳሊዳ በአርካንሳው ወንዝ ዳር ያለች ደርባባ ከተማ ናት፤ የድሮ ሸክላ ሕንፃዎቿን አላፈረሰችም። የግንባታ ዕቃ ሱቅ ገብቼ ሁለት ሮዝ የፎም ሰሌዳ ገዛሁ፤ ውፍረቱ ሁለት ጣት ተኩል የማይሞላ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ፣ አንዱ 27 ዶላር። አራት የአደጋ ጊዜ ብልጭልጭ ብርድ ልብስ፣ እያንዳንዱ 4 ዶላር። ሁለት የጎማ የሙቅ ውሃ ከረጢት፣ እያንዳንዱ 12። በድምሩ 94 ዶላርና ግብሩ። ሰሌዳው መኪናችን ውስጥ እንደማይገባ ያየው ወጣት ሻጭ ቢላዋ ይዞ እስከ መኪና ማቆሚያው ተከትሎኝ፣ በነገርኩት ልክ አስፋልቱ ላይ ቆራርጦ ሰጠኝ። ለዚህ ምንም አላስከፈለም።

ከፖንቻ ማለፊያ በኋላ የሳን ሉዊስ ሸለቆ ይጀምራል። ሸለቆ ይበሉት እንጂ 2,300 ሜትር ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ 17 ቁጥር መንገድ በመሃሉ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። በግራ በኩል ረጅም የተራራ ሰንሰለት አብሮን ይሄዳል። እማዬ ስሙን ጠየቀች። ሳንግሬ ደ ክሪስቶ፣ በስፓኒሽ የክርስቶስ ደም ማለት ነው አልኳት። ዝም አለች፣ አማተበች፣ ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ዐይኗን ከተራራው አላነሣችም። በቀኝ በኩል ገብስ የታጨደበት ማሳ ይታያል። ይህ ሸለቆ የሚታወቀው በድንችና ለቢራ ብቅል በሚሆን ገብስ ነው። «ገብስ ተዘርቶ በሶ የማይበጠበጥበት አገር» አለችና ከቦርሳዋ የራሷን በሶ አውጥታ ለሁላችንም በጠበጠች። እንደ ዚያ ቀን በሶ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ሁፐርና ሞስካ አካባቢ ልጆቹ በፍል ውሃ አዞ የሚያረባ እርሻ ምልክት አዩ። በ2,300 ሜትር ደጋ ላይ አዞ! «ስንመለስ» ብዬ ሸነገልኳቸው። በዚያ አልተመለስንም፤ ዕዳው አለብኝ።

ወደ ፓርኩ መግቢያ ለአንድ መኪና 25 ዶላር፣ የፒንዮን ፍላትስ ካምፕ ለአንድ ሌሊት 20 ዶላር። መብራት የለም፤ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማሞቂያውን ከመኪናው አላወረድኩትም። ጎረቤቶቻችን ከካንሳስ የመጡ፣ የኛኑ ዓይነት ካምፐር የያዙ አዛውንት ባልና ሚስት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የስንዴ ገበሬዎች። አዛውንቱ የፎም ሰሌዳ ተሸክሜ ሲያዩኝ መጥተው ከአልጋዎቼ ሥር ተንበርክከው አዩ፣ እጃቸውን ጣውላው ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ ሰሌዳውን በአንድ ጫፍ ያዙልኝ።

ሁለት ሰዓት አብረን ሠራን። ፎሙ በጣውላውና በፍራሹ መካከል ገባ፤ ከላዩ ከወለሉ የተረፈውን የስፖንጅ ንጣፍ ጨመርን። ብልጭልጩን ብርድ ልብስ በአልጋዎቹ ሸራ ላይ ከውጭ በኩል ጣልን፤ በልብስ መቆንጠጫ ያዝነው። የለጠፍኩት ፎይል ከሸራው ጋር ተጣብቆ ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎይል ሙቀት የሚመልሰው ፊቱ ላይ አየር ሲያገኝ ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ ዝም ብሎ ያልፋል። በየማዕዘኑ የስፖንጅ ቁራጭ አስገብተን አንድ ጣት ያህል አራቅነው። በመጨረሻ የጣሪያውን ቀዳዳና የአንዱን መስኮት ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ከፈቱ። ይህን ነበር የማልቀበላቸው፤ ብርድ ሸሽቼ መስኮት ልክፈት? እሳቸው ግን እርጥብ ሙቀት ከደረቅ ብርድ ይብሳል አሉ። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠልም ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ ወደ አየሩ ስለሚለቅ፣ ማሞቂያው ቢሠራልኝ ኖሮ የጠዋቱ ርጥበት እጥፍ ይሆን ነበር። ለእማዬ ተረጎምኩላት። «ሣር ቤት ጭሱም ትንፋሹም በሣሩ ይወጣል። ይኼኛው በየት ይውጣ?» አለች። ይህንንም ለሳቸው ተረጎምኩላቸው፤ ኮፍያቸውን አነሡላት።

ማታ እሳት ዳር አብረን ተቀመጥን፤ የእንጨቱ እስር 8 ዶላር ነው። ከመንገድ የገዛነውን የሸለቆውን ድንች ፍም ውስጥ ቀበርነው። እማዬ የገብስ ቆሎ ዘግና ሰጠቻቸው። አዛውንቱ አንዷን ፍሬ በጣታቸው ይዘው ወደ እሳቱ ብርሃን አቅርበው አዩዋትና ስሟን በትክክል ጠሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ሲያመርቱ እንዲህ ተቆልቶ በልተውት ግን አያውቁም። እጃቸውን ደጋግመው ዘረጉ።

ከመተኛታችን በፊት የሙቅ ውሃውን ከረጢት በልጆቹ እግር ሥር አደረግን። ሌሊት ስነቃ ውጭው ከዜሮ በታች 9፣ ውስጡ ከዜሮ በላይ 4 ነበር። እሳት የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ። አንድ የተኛ ትልቅ ሰው ወደ 70 ዋት የሚሆን ሙቀት ይለቃል፤ ትናንትም ይህንኑ ለቀን ነበር፣ ግን ከሥራችን ፈሶ ሄደ። እማዬን ወደ መጸዳጃው ሳደርሳት ባትሪውን አጠፋሁ። ይህ ፓርክ በ2019 እ.ኤ.አ. የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ እውቅና አግኝቷል፤ ፍኖተ ሐሊብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ ይታያል። «በልጅነቴ ነው ያየሁት» አለች። ለብርዱ ደንታ ሳይሰጣት ብዙ ቆመች።

እሁድ፣ ጥቅምት 17። አሸዋው

ሸራው ደረቅ ነበር። እጄን በየጥጉ እያሳረፍኩ ዞርኩት፤ ጥቂት ጤዛ በአንድ ማዕዘን፣ ሌላው ደረቅ።

ቡናው ግን አስቸገረ። ቤት ቡና የምናፈላባት ትንሽዋ ምድጃ የቡታን ቆርቆሮ ነው የምትጎርሰው፤ ቡታን ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል። ሰማያዊ እሳቷ ብልጭ ብላ ሞተች። ፕሮፔን እስከ ከዜሮ በታች 42 ድረስ ስለሚሠራ የጎረቤቶቻችንን ምድጃ ተዋስን። ቆርቆሮውን ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ማሳደር ነበረብኝ። ሦስቱንም ጀበና አብረውን ጠጡ።

ስለ አሸዋው ምን ልበል? በሰሜን አሜሪካ ከዚህ የሚረዝም የአሸዋ ክምር የለም፤ ትልቁ 226 ሜትር ያህል ይነሣል። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የሸለቆውን አሸዋ እየጠረገ ወደ ተራራው ያመጣዋል፤ ከተራራው በኩል የሚመጣው አውሎ ነፋስ መልሶ ይገፋዋል፤ በሁለቱ መካከል ይቆለላል። በጸደይ ከሥሩ የሚፈሰው የሜዳኖ ጅረት አሁን ደርቋል፤ በአሸዋማው ወለል ተሻገርን። ልጆቹ ከፓርኩ ውጭ በተከራየነው መንሸራተቻ ሲወርዱ፣ ሲንከባለሉ፣ ሲወጡ ዋሉ። ሁለት እርምጃ ወጥተው አንዱን ይመለሳሉ፤ እኔ ግማሹ ላይ ትንፋሼ አለቀ።

እማዬ አልወጣችም። ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸዋው ውስጥ ቀብራ ተቀመጠች። እሁድ ነው፣ እስጢፋኖስም ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ነጠላዋን አመሳቅላ ለበሰችና ወደ ምሥራቅ ዞራ ጸሎቷን አደረሰች። ምሥራቁ የክርስቶስ ደም የተባለው ተራራ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ንፋስ መጣ። ስንመለስ አንዱ ብልጭልጭ ብርድ ልብስ ተቀድዶ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቅሏል፤ የቀሩት ሌሊቱን ሙሉ ሊንኳኩ ነው። መቆንጠጫውን ትተን ገመድ በአልጋው ሥር አዙረን አጥብቀን አሰርናቸው፤ ጸጥ አሉ። የበሩ ዚፕ ደግሞ አሸዋ ገብቶበት መሃል ላይ ቆመ። ጎትቼ ልበጥሰው ስል እማዬ ከቦርሳዋ ጧፍ አውጥታ ሰጠችኝ። አሸዋውን በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ ጥርሶቹን በሰሙ ሳሸው እየተንሸራተተ ሄደ። በዚያ ሌሊት ውጭው ከዜሮ በታች 11 ደረሰ፤ ልጄ ብርድ ልብሱን በእግሩ ገፍትሮ ተኝቶ አገኘሁት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18 እና ማክሰኞ

ጎረቤቶቻችን ከኛ በፊት ወጡ። የቀረውን ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ እማዬ በመኪናቸው መስኮት አቀበለቻቸው።

በብላንካ ተራራ ሥር ዞረን፣ በላ ቬታ ማለፊያ ወጥተን ወደ ዋልሰንበርግ ወረድን። ብላንካ ከ4,300 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ደጀን ይበልጠዋል ስላት እማዬ በጣም ደስ አላት። ከዚያ በኋላ ያለው ሰፊ መንገድ ነው፤ ፑዌብሎ አካባቢ የጎን ንፋስ ካምፐሩን ሲያወዛውዘው ፍጥነት ቀንሼ ከመንዳት በቀር የሚጻፍ የለውም። ለአራቱ ቀን የነዳጅ ወጪ 118 ዶላር ሆነ።

ሸራው በጠዋት ጤዛ እያለው ስለታጠፈ ማክሰኞ ዕለት ግቢያችን ውስጥ እንደገና ዘረጋሁት፤ እርጥብ ሆኖ ቢከርም ይሻግታል። ፎሙን በየአልጋው ልክ አስተካክዬ «የፊት ግራ»፣ «የፊት ቀኝ» ብዬ ጻፍኩበት፤ የስፖንጅ ቁራጮቹን ከፎይሉ ጋር በማጣበቂያ አያያዝኳቸው። እማዬ አጥር ላይ ያሰጣችውን ባና አራግፋ አጠፈችው። ወደ ሻንጣዋ ትመልሰዋለች ብዬ ነበር። ካምፐሩ ውስጥ ገብታ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሣጥን ከፈተችና ከተተችው።

«ይኼ እዚሁ ይደር» አለች።